አምስተኛዋ ሽምብራ

ከሾላ ገበያ ጀርባ፣ ከቀበሌው አዳራሽ ጎን፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ያላት አንዲት ጠባብ ክፍል ነበረች። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ስምንት ወጣቶች እዚያ እየተሰበሰቡ መጽሐፍ ያነቡ ነበር። አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው አንድ ቅጂ ብቻ ስለሆነ አንዱ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነባል፤ ሌሎቹ ያዳምጣሉ፤ ከዚያ እስኪመሽ ይከራከራሉ።

በበጋ መጽሐፉ በየወሩ ይለወጣል። ለክረምት የሚመረጠው ግን አንድ ብቻ ነው። ከሐምሌ መግቢያ እስከ ጳጉሜ መውጫ ከዚያ መጽሐፍ ጋር መክረም ግድ ነው። ስለዚህ ምርጫው ከትዳር አይተናነስም እያሉ ይቀልዱ ነበር።

ከስምንቱ ዝምተኛዋ ወይንሸት ነበረች። በታሪክ ትምህርት ተመርቃ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ትሠራለች። የማንበብ ተራዋ ሲደርስ እጇ ወደ ጉሮሮዋ ይሄዳል። ያኔ አጠገቧ የሚቀመጠው ሐምዛ መጽሐፉን ከእጇ ቀስ አድርጎ ይወስድና ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ ያነብላታል። ሁለት ዓመት እንዲህ ዘለቁ። ማንም ልብ አላለም፤ ቢያንስ ለእሷ እንደዚያ ይመስላት ነበር።

ሐምዛ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ የአየር ጠባይ ተመልካች ነው። ሥራው ከቡልቡላ ማሳዎች በላይ የሚሰበሰበውን ደመና እያዩ መመዝገብ ነው። በክበቡ ውስጥ አንደበተ ርቱዕ የሆነችው ተናኜ «ደመና ቆጣሪው» የሚል ስም አውጥታለታለች።

«ደመና ቆጣሪው፣ ዛሬ ይዘንባል?»

«አይዘንብም።»

«በቃ፣ ጃንጥላዬን ይዤ ልምጣ።»

ሐምዛ ይስቃል። ሲስቅ ደግሞ ሁልጊዜ መጀመሪያ የሚያየው ወይንሸት መሳቋን ነው። እሷም ይህን ታውቃለች። ማታ አልጋዋ ላይ ሆና የቀኑን ሳቅ መልሳ የምታስበው ለዚህ ነበር።

ሰባ አምስት ዓመተ ምሕረት ሐምሌ ሲገባ፣ የረመዳን ጾም ሊያልቅ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ሐሙስ ዕለት ሐምዛ መገናኛ አውቶቡስ ማቆሚያ ላይ ጠበቃት። ከሥራ ስትመለስ ነበር። ካፊያው ትከሻውን አርሶታል።

«ጾም ነኝ፤ ከንፈሬ ደርቋል፤ ስለዚህ ቶሎ ልናገርና ልሂድ» አላት።

አብረው ወደ ሾላ መሄድ ጀመሩ። የሚናገረው ነገር ግን ቶሎ አልመጣለትም። እንደ ወትሮው እስከ ሰፈሯ መብራት እንጨት ሊሸኛት ነው። ከዚያ አልፎ እስከ በራቸው ሄዶ አያውቅም፤ እናቷን እማማ አሰገደችን ሁለቱም ይፈራሉ።

«አባቴ ቡታጅራ አንዲት ልጅ አጭቶልኛል» አለ በመጨረሻ። «ለዒድ ስንወርድ ኒካህ ይታሰር ብሏል። ዘመዶች ተነጋግረው ጨርሰዋል።»

ወይንሸት ጭቃ የነካውን ጫማውን አየች።

«እኔ ደግሞ ያየኋት አለች። ግን እሺም እምቢም የማትል ሰው ናት።»

ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች።

«አሁን መልሽልኝ አልልሽም። አሁን ብጠይቅሽ ጉሮሮሽን ትነካኪያለሽ፤ እኔም ማንበብ እጀምራለሁ።»

ሁለቱም ሳቁ። ሳቁ ሲያበቃ ሐምዛ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ቅዳሜ የክረምቱ መጽሐፍ ይመረጣል። እኔ የማቀርበውን ታውቂዋለሽ። እጅ አውጡ ሲባል ለሱ እጅሽን ካወጣሽ፣ ቡታጅራ አልወርድም። ለአባቴ ቁጭ ብዬ እነግረዋለሁ። ይቆጣል፤ ይቆጣ። እናትሽም ያለቅሳሉ። እንችለዋለን። ካላወጣሽ ግን እንዳልጠየቅኩሽ ቁጠሪው፤ ሁለተኛ አላነሳብሽም።»

«እጅ ብቻ?» አለች፤ ድምፅዋ ለራሷም አልተሰማትም።

«እጅ ብቻ። ቃል አልጠይቅሽም።»

መብራት እንጨቱ ጋ ሲደርሱ ሐምዛ ቆመ። እሷ ዘወር ሳትል ወደ በራቸው ገባች።

ዓርብ ማታ መስተዋት ፊት ቆማ ቀኝ እጇን ወደ ላይ ዘረጋች። አወረደች። እንደገና ዘረጋች። እማማ አሰገደች በሩ ላይ ብቅ አሉ።

«ምነው ልጄ? ትከሻሽን ብርድ መታሽ?»

«አይ፣ ትንሽ ደንዝዞኝ ነው።»

«ነይ ላሽሽ። ቅባኑግ አለ።»

እናቷ ትከሻዋን ሲያሹላት ወይንሸት ባለፈው ዓመት ስለ አንዲት የሰፈራቸው ልጅ ያሉትን አስታወሰች። ልጅቷ እስላም አግብታ ከቤት የወጣች ጊዜ፣ እማማ አሰገደች «እናቷን በቁሟ ቀበረቻት» ብለው አልቅሰው ነበር። አሁን እነዚያው እጆች በቅባት ሞቀው አንገቷ ሥር ነበሩ። ቢሆንም ወሰነች። እጅ ማውጣት ብቻ ነው። ለቀረው እሱ አለ።

ቅዳሜ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበው ነበር። ወይንሸት ስትገባ ግን ያልጠበቀችው ነገር ገጠማት፤ በማዕዘኑ ወንበር ላይ እትዬ ፈለቀች ሹራብ እየሠሩ ተቀምጠዋል። እትዬ ፈለቀች የቀበሌው የሴቶች ማኅበር ሊቀመንበር፣ የእናቷም የዕድር ባልደረባ ናቸው። እሳቸው ያዩት ነገር ሳይመሽ ሰፈሩን ያዳርሳል።

«ቀበሌው የክረምቱን ንባብ ተከታተሉ ብሎ ልኮኛል» አሉ። «አላስቸግርም። ዓይኔን ከሹራቤ ላይ አላነሳም።»

የክበቡ ሰብሳቢ፣ የወጣቶች ማኅበሩ እሸቴ፣ የራሱን መጽሐፍ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ከውጭ ቋንቋ የተተረጎመ፣ በቀዝቃዛ ወንዝ ላይ ግድብ ስለሚሠሩ ሰዎች የሚተርክ ወፍራም መጽሐፍ ነው።

«ጓዶች፣ ይህ መጽሐፍ ስድስት መቶ ገጽ ነው።»

«ማስታወቂያ ነው ወይስ ማስፈራሪያ?» አለች ተናኜ።

ቀጥሎ ሐምዛ ተነሣ። አባቱ ሐጂ አብዱልሰላም ሾላ ገበያ ቅመማ ቅመም ይነግዳሉ። ለመጠቅለያ የሚሆን አሮጌ መጽሐፍ በኪሎ ይገዛሉ። ሐምዛ ከዚያ ክምር ውስጥ ነው ይህን ያተረፈው። ሽፋኑና የመጀመሪያዎቹ ገጾቹ ስለሌሉ ርዕሱም ደራሲውም አይታወቁም። ታሪኩ ስለ አንድ የባቡር ጣቢያ ጸሐፊና ጣቢያው ላይ ዳቦ ስለምትሸጥ አንዲት ሴት ነው።

«ራስ የሌለው መጽሐፍ!» አለ ማሞ፣ ከወንዶቹ ቀልደኛው።

«ራስ ካለን ከኛ መሐል ማን ተጠቀመ?» አለችው ተናኜ።

ሐምዛ አንድ ገጽ አነበበላቸው። ጸሐፊው ባቡሩ በመጣ ቁጥር የማይበላውን ዳቦ ሲገዛ የሚያሳይ ገጽ ነበር። ሲያነብ ወደ ወይንሸት አላየም። ጨርሶ ሲቀመጥ እትዬ ፈለቀች ሹራባቸውን ጭናቸው ላይ ጣሉት።

«ውይ፣ የዚህ ልጅ ድምፅ! ልጃገረዶቹ እጃቸውን የሚያወጡት ለመጽሐፉ መሆኑን ማን ያውቃል? እስቲ የትኛዋ ቀድማ እንደምታወጣ ልይ።»

ሁሉም ሳቀ። ወይንሸት ግን ደሟ ወደ ፊቷ ሲወጣ ተሰማት። አሁን እጇን ብታወጣ ፊቷ እንደሚቀላ፣ ዓይኗ ወደ እሱ እንደሚሮጥ፣ እትዬ ፈለቀችም ሁሉን ነገር እዚያው ፊቷ ላይ እንደሚያነቡት አወቀች። ነገ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሐምዛ ለአባቱ ሳይነግር፣ እሷ ለእናቷ ሳትነግር፣ ወሬው እማማ አሰገደች ጆሮ ይደርሳል።

እሸቴ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ። «እንግዲህ በእጅ ብልጫ...»

«ጓድ ሰብሳቢ» አለች ወይንሸት።

ሁሉም ዞሮ አያት። በሁለት ዓመት ውስጥ ሳትጠየቅ ስትናገር ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

«ድምፁ... በምስጢር ቢሰጥስ?»

«ኧረ ጉድ! ወይኒ ተናገረች!» ተናኜ አጨበጨበች። «ዛሬስ ዝናቡ ሳያባራ አይቀርም!»

እሸቴ ግን ደስ ብሎታል። «ትክክለኛ አሠራር ነው። ችግሩ ወረቀት የለም። ያለው የቃለ ጉባዔ ብቻ ነው።»

«ቆሎ አለ» አለች ተናኜ ከቦርሳዋ ከረጢት እያወጣች። «ሽምብራ ለሐምዛ፤ ገብስ ለእሸቴ። ጣሳ በነጠላዬ ሥር ይዙር፤ ሁሉም አንዷን ብቻ ይጣል።»

ለሁሉም አንድ ሽምብራና አንድ ገብስ ታደለ። ሳቅና ግርግር ሆነ።

«ማሞ ድምፁን በላው!»

«ኧረ ረስቼው ነው!»

«ሌላ ስጡት። ሁለተኛውን ከበላ ግን ድምፀ ተአቅቦ ይመዝገብበት።»

ሐምዛ አልሳቀም። ወይንሸትን እያያት ነበር። አልተቆጣም። አንድ ሰው ለመስማት ተዘጋጅቶ የመጣውን ነገር ሲሰማ እንደሚሆነው፣ ራሱን ቀስ ብሎ ዝቅ አደረገ፤ ከዚያ ወደ መስኮቱ ዞረ።

እሷ ግን ይህን በትክክል አልተረጎመችውም። እያሰበች የነበረው ስለ ሽምብራዋ ብቻ ነው። ሽምብራዋ እጄ ናት፤ መጽሐፉ ሲያሸንፍ ይገባዋል አለች በልቧ። ጣሳው ሲደርሳት ሽምብራዋን በነጠላው ሥር ለቀቀቻት። ገብሱን መዳፏ ውስጥ ጨበጠችው።

እሸቴ ጣሳውን ጠረጴዛው ላይ ገለበጠ። አምስት ሽምብራ፣ ሦስት ገብስ።

«በሁለት ድምፅ አመለጠኝ» አለ እሸቴ። «እሺ፣ አብላጫው ይገዛል።»

ወይንሸት ቀና አለች። ፈገግታዋ ከንፈሯ ላይ ደርሶ ነበር። ሐምዛ ግን ሽምብራዎቹንም እሷንም አላየም። መጽሐፉን አንሥቶ ወደ እሸቴ ገፋው።

«ደስ ብሎኛል። ክረምቱን ግን እኔ አላነብላችሁም። ሰኞ ወደ ቡታጅራ እወርዳለሁ።»

«ለዒድ? ትመለስ የለ እንዴ?» አለ ማሞ።

«ላገባ ነው።»

ተናኜ እልል አለች። ወንዶቹ ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። ወይንሸት ተቀምጣ ቀረች። መዳፏ ውስጥ ያለው ገብስ በላብ ርሷል።

ሰዉ ሲወጣ ሐምዛ በሩ ጋ ጠበቃት።

«አታስቢ» አላት ቀስ ብሎ። «እጅሽን ለማውጣት እንዳትገደጂ መንገድ ፈለግሽ። ገባኝ። በዚህ መልክ መመለስሽ ጨዋነትሽ ነው፤ አልተቀየምኩሽም።»

«ሐምዛ...»

«ወይኒዬ!» እትዬ ፈለቀች ጃንጥላቸውን ዘርግተው ክንዷን ያዙ። «አብረን እንሂድ፤ መንገዳችን አንድ አይደል? እናትሽን ደግሞ ስለ ዕድሩ የማነጋግራቸው ነገር አለኝ።»

ሐምዛ ለሁለቱም በአክብሮት ጎንበስ አለና ዝናቡ ውስጥ ገባ። እትዬ ፈለቀች መንገዱን ሙሉ ስለ ሹራብ ክር መጥፋት አወሩላት። ወይንሸት «አዎ» እና «ልክ ነው» እያለች ሄደች።

እሑድ ሁለት ጊዜ ከቤት ወጣች። ሁለት ጊዜም የገበያው መታጠፊያ ጋ ደርሳ ተመለሰች። ሰኞ ጠዋት ወደ ሥራ መሄዷን ትታ ሐጂ አብዱልሰላም ሱቅ በር ላይ ተገኘች። ሐጂ የኮረሪማ ከረጢት እየፈቱ ነበር።

«ምን ልስጥሽ የኔ ልጅ?»

«ሐምዛን... አብረን የምናነብ ነን። አለ?»

«ዛሬ በሌሊቱ አውቶቡስ ወረደ። እናቱ ቸኮለች።» ፊታቸው በደስታ በራ። «ልድረው ነው። እኔም ሱቁን ዘግቼ ከሰዓት እከተለዋለሁ። መልእክት ካለሽ ንገሪኝ፤ እንዳለ አደርሳለሁ።»

ወይንሸት እኚህን ሽማግሌ አየቻቸው። አንዲት ዓረፍተ ነገር ትበቃ ነበር። የመረጥኩት እሱን ነው በሉልኝ። ዓረፍተ ነገሯ ሙሉ ሆና አፏ ውስጥ ነበረች። ግን ልጃቸውን ለመዳር ለተሰናዱ አባት እንዴት ይባላል? ሲሰሙ ፊታቸው ላይ ያለው ብርሃን የት ይገባል?

እጇ ወደ ጉሮሮዋ ሄደ። የሚያነብላት ሰው አልነበረም።

«እንኳን ደስ ያለህ... በሉልኝ።»

«እነግረዋለሁ። የማን ልበለው?»

«የክበቡ በሉት። የሁላችንም ነው።»

የማትፈልገውን እርድ ገዝታ ወጣች።

የክረምቱ ንባብ ሲጀመር መጽሐፉን ማን ያንብብ ተባለ። ወረቀቱ አርጅቷል፤ ፊደሉ በየቦታው ደብዝዟል፤ የተሞከሩት ሁሉ ይደናቀፋሉ። ወይንሸት እጇን ዘረጋችና ከማሞ ተቀበለችው። ተናኜ እንኳ አልቀለደችም። መጀመሪያ ድምፅዋ ተንቀጠቀጠ። ከሁለት ገጽ በኋላ ግን ሐምዛ የት ላይ ቆም እንደሚል፣ የትኛውን ቃል እንደሚያለሰልስ በጆሮዋ ይመጣላት ጀመር። እሱን እየሰማች አነበበች። ቤቷ ስትወስደው ደግሞ እስከ መጨረሻው ገጽ ደርሳ፣ ተመልሳ ከመሐል ትጀምር ነበር።

ነሐሴ ሲጋመስ፣ ንባቡ ሊጀመር ሲል፣ ሐምዛ በሩ ላይ ቆመ። ከኋላው ዓይኗን መሬት ላይ የተከለች ልጅ እግር ሴት ነበረች። የእጆቿ ሂና ገና አልለቀቀም።

«ባለቤቴ ናት፤ ሸምሲያ» አለ። «ክበባችሁን አሳየኝ ብላ ነው።»

ተናኜ ዘላ ሳመቻት። ወንዶቹ ወንበር ተሻሙላት። ሸምሲያ ወንበሩ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ሰው ሁሉ ሲያያት አንገቷን ደፍታ የሻሿን ጫፍ ጠቀለለች፤ ፈታች፤ እንደገና ጠቀለለች። ወይንሸት ያን እጅ አወቀችው። የራሷ እጅም ሰው ሲያያት እንዲሁ ወደ ጉሮሮዋ ይሄድ ነበር።

ሌሎቹ ሙሽራዋን ከበው ሲያስቋት ሐምዛ ጠረጴዛው ጋ መጣ። ከስቷል።

«አንቺ ነሽ አሉ የምታነቢው።»

«አዎ።»

«አባቴ መልእክታችሁን ነግሮኛል።» ድምፁን ከዝናቡ በታች አወረደው። «አላነሳብሽም ብዬ ነበር። ይቅርታ አድርጊልኝ፤ አንዴ ብቻ ልጠይቅሽ። አምስተኛዋን ሽምብራ ማን እንደጣላት አልገባኝም። እኔ አለሁ፤ ተናኜ አለች፤ ከሌሎቹም ሁለቱ እንደጣሉ ራሳቸው ነግረውኛል። አምስተኛዋ... አውቶቡሱ ውስጥ ሆኜ በሐሳቤ ወደ ኋላ እመለስ ነበር። በኒካሁ ቀን እንኳ። ተሳስቼ ከሆነስ ብዬ።»

ወይንሸት ዓይኑን አየችው። በሁለት ዓመት ውስጥ እንዲህ ፊት ለፊት አይታው አታውቅም። ዓይኑ ውስጥ የነበረው ልመና ነው። የሚለምነው ምን እንደሆነ ግን እሱም የሚያውቅ አልመሰላትም። አንዲት ቃል ብትወጣ የሚፈርሰውን ቤት አየች፤ የሻሿን ጫፍ የምትጠቀልለውንም ልጅ። ድምፅዋ አሁን አልጠፋባትም። ቃሉ ጥርት ብሎ፣ ሊወጣ ተዘጋጅቶ ምላሷ ላይ ነበር።

«እሸቴ ሳይሆን አይቀርም» አለች። «የራሱን መጽሐፍ ራሱም አልወደደውም ነበር።»

ሐምዛ ትንሽ ሳቀ። እንደ ድሮው መሳቋን ለማየት አያት፤ ሳቀችለት።

«አንቺ እንግዲህ...»

«እኔ ገብስ ነው የጣልኩት፣ ሐምዛ። በደንብ ነው የገባህ።»

አየር ሳበ። ትከሻው ወረደ። ዕረፍት ይሁን ሌላ ነገር፣ እሷ ልትለየው አልቻለችም፤ መለየትም አልፈለገችም።

«እንኳን ነገርሽኝ» አለ። «አሁን እተኛለሁ።»

ሄዶ ባለቤቱ አጠገብ ተቀመጠ። እሸቴ ጠረጴዛውን መታ መታ አደረገ። ወይንሸት መጽሐፉን ገልጣ ማንበብ ጀመረች። ጸሐፊው ለሴትየዋ ሊነግራት የወሰነበት፣ ባቡሩም የዘገየበት ምዕራፍ ነበር። ድምፅዋ አንድ ጊዜም አልተሰበረም። እትዬ ፈለቀች ሹራባቸውን አቁመው በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ።

ንባቡ ሲያበቃ ሸምሲያ ለመጀመሪያ ጊዜ ከወንበሯ ተነሥታ ወደ እሷ መጣች።

«እህቴ» አለች ቀስ ብላ፣ ባሏ እንዳይሰማት ጀርባዋን ሰጥታ። «መጨረሻ ላይ ይነግራታል?»

ወይንሸት መጽሐፉን ዘጋች።

«ይነግራታል» አለቻት።

«እሷስ?»

ከበሩ ውጭ ሐምዛ ጃንጥላ ዘርግቶ እየጠበቀ ነበር። ወይንሸት የልጅቷን ሻሽ ከትከሻዋ ላይ አንሥታ፣ ዝናቡ እንዳያርሳት፣ በራሷ ላይ አስተካከለችላት።

«ሂጂ፤ እየጠበቀሽ ነው» አለቻት።